መጀመሪያ እኔን ጠርጥሩ፦ የደረት ኤክስሬይ አነባበብ ከጅማ

ባለፈው ክረምት ነው። ዝናቡ ጅማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ መብራትም ጠፍቷል። አንድ ወጣት ሐኪም ፊልም ይዞ ወደ ክፍሌ መጣና መስኮቱ ላይ ዘረጋው። «ሲስተር፣ የአባት ልብ አብጧል። የሚያሸና መድኃኒት ልጀምርላቸው ነው» አለኝ። ነርስ አይደለሁም። ግን እዚህ አገር ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ለምጄዋለሁ።

ያን ፊልም ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አባት መቆም አቅቷቸው አልጋ ላይ ደገፍ አድርገን፣ ከፊት ለፊት፣ በግማሽ ትንፋሽ ነው ያነሳናቸው። እንደዚያ ያነሳችሁት ሰው ሁሉ ልቡ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። በማግስቱ ሻል ሲላቸው አቆምኳቸውና ደግሜ አነሳሁ። ልባቸው ልኩን ይዞ ቁጭ አለ። መድኃኒት ሳይነካው፣ በአንድ ሌሊት።

ራዲዮግራፈር ነኝ። 19 ዓመት ደረት ሳነሳ ኖሬያለሁ። ንባቡ ላይ የሚፈርመው ራዲዮሎጂስት ነው፣ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ራዲዮሎጂስት በሌለበት ጤና ጣቢያና ክሊኒክ ፊልሙን የሚያነበው ተረኛው ነው። ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል፣ ኢንተርን ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው። ዋናው የምላችሁ ነገር አንድ ነው፦ ሳንባውን ከመክሰሳችሁ በፊት እኔን ጠርጥሩ። ስንት «በሽታ» የተፈጠረው እኔ ክፍል ውስጥ ነው።

ስሙን አንብቡ። ይህን ስል ኢንተርኖች ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ዘሃራ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በተመሳሳይ ሰዓት መጡ፤ የአባታቸውም ስም ይመሳሰላል። ፖስታው ተቀያየረ። አንዷ ደህና ሆና በቲቢ ልትጠረጠር፣ ሌላዋ ታማ «ሳንባሽ ንጹሕ ነው» ተብላ ልትሄድ ነበር። የያዝነው በዕድሜ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው አጥንት የሃያ ዓመት ልጅ አጥንት አልነበረም። ስለዚህ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን። ከዚያ ቀኝና ግራውን የሚለየውን ምልክት ፈልጉ። ልብ በቀኝ በኩል ካያችሁ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ፊልሙ ተገልብጧል፣ ወይ ሰውየው ልቡ በቀኝ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ምልክቱን እዩ፤ የጨጓራ አየርም በየትኛው በኩል ባለው ዲያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ሥር እንዳለ እዩ። በልማዱ ግራ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋቶች።

በምን አቅጣጫ ነው የተነሳው? ደህና የደረት ፊልም ሰውየው ቆሞ፣ ደረቱን ሰሌዳው ላይ ለጥፎ፣ ጨረሩ ከጀርባው ገብቶ የሚነሳው ነው። ፒኤ እንለዋለን። ርቀቱ 1.8 ሜትር ነው። አልጋ ላይ ሲሆን ግን ጨረሩ ከፊት ይገባል፣ ሰሌዳው ከጀርባ ይሆናል፣ ርቀቱም ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ይህ ኤፒ ነው። ልጅ ሆናችሁ በኩራዝ ብርሃን ግድግዳ ላይ የእጃችሁን ጥላ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? እጃችሁን ወደ ኩራዙ ስታቀርቡ ጥላው ይገዝፋል። ልብ ደግሞ ያለው ወደ ደረት ፊት ነው። ጨረሩ በቅርብ ከፊት ሲመጣ ልብ ለኩራዙ ቀረበ ማለት ነው። የትከሻው ሰፊ አጥንት ሳንባው ላይ ተደርቦ ከታየ ኤፒ መሆኑን ጠርጥሩ። ፒኤ ስናነሳ ትከሻውን ወደ ፊት አስገፍተን ከሳንባው እናወጣዋለን።

ትንፋሹስ? «ወደ ውስጥ ሳብ፣ ያዝ!» በአማርኛም በኦሮምኛም ቀኑን ሙሉ የምጮኸው እሱን ነው። የሚያስል ሰው ግን አይዝም፣ የፈራ ሰው ደግሞ ገና ሳይስብ ይይዛል። የጎድን አጥንት ቁጠሩ። አግድም የሚሄዱት የጀርባዎቹ ናቸው፤ ወደ ታች ተንሸራተው የሚመጡት የፊቶቹ። ከዲያፍራም በላይ ከጀርባ 9 ወይም 10፣ ከፊት 6 አካባቢ ከታዩ በቂ ነው። ከዚያ ካነሰ ሳንባው ተጨምድዷል። ታቹ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይጠጋጋሉ፣ ነጣ ብለው «ኒሞኒያ» (የሳንባ ምች) ይመስላሉ። ልብም በዲያፍራም ተገፍቶ ይንጋደድና ይሰፋል። ብዙ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ ግን አትጠይቁኝ።

ዞሮ ከሆነ ደግሞ፦ የሁለቱን የአንገት ሥር አጥንቶች የውስጥ ጫፍ ፈልጉ። በመካከላቸው የአከርካሪው ጀርባ ጫፍ እንደ ትንሽ ጠብታ ይታያል። ከሁለቱም እኩል መራቅ አለበት። ካልሆነ ሰውየው ዞሯል። የዞረ ሰው አንዱ ሳንባው ከሌላው ይጠቁራል፣ የአየር ቧንቧውም የተገፋ ይመስላል። የጨረሩን መጠን ለማወቅ ከልብ ጀርባ ያለው አከርካሪ በስሱ መታየቱን እዩ። ፊልሙ በጣም ከነጣ የሌለ ምች ይፈጥራል፤ በጣም ከጠቆረ ያለውን ይደብቃል። ዲጂታሉ ማሽን ይህን በተወሰነ ደረጃ ስለሚያስተካክለው እንደ ድሮው አያስጨንቅም።

ስለ ሹሩባ ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ከአጋሮ መጣች። ሳል አለባት። የቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጥላ አለ። ቲቢ የሚወደው ቦታ ነው፤ የላካት ክሊኒክም እንደዚያው ጽፎባታል። ጥላውን ወደ ላይ ስትከተሉት ግን ከሳንባው ወጥቶ አንገቷን አልፎ ይሄዳል። ሳንባ አንገት ላይ የለም። ትከሻዋ ላይ የወረደው ሹሩባዋ ነበር። ጠቅልለን ከፍ አድርገን ደግመን ስናነሳ ጫፉ ጥቁር ሆነ። ማተብ፣ ክታብ፣ አዝራር፣ የጡት መያዣ ብረትም እንዲሁ ያታልላሉ። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በዚያው ዓመት ያነሳው የሚስቱ እጅ ላይ ቀለበቷ ጉልህ ሆኖ ይታያል። እኔ ብሆን አስወልቃት ነበር።

እኔን ጠርጥራችሁ ከጨረሳችሁ ወደ ሰውየው እንሂድ።

ፊልም ላይ ያለው ቀለም አምስት ነው። አየር ጥቁር፣ ስብ ጥቁር ግራጫ፣ ውሃና ሥጋ ነጣ ያለ ግራጫ፣ አጥንት ነጭ፣ ብረት ከሁሉ የነጣ። ልብ በሉ፦ ውሃ፣ ደም፣ መግል፣ የልብ ጡንቻ ሁሉም አንድ ቀለም ናቸው። ስለዚህ «ነጭ ነው» ማለት «ውሃ ነው» ማለት አይደለም። «አየር መኖር የነበረበት ቦታ ላይ አየር የለም» ማለት ብቻ ነው። ምን ተካው የሚለውን የምትመልሱት በቅርጹና በሕመምተኛው ነው።

ከዚሁ የሚመጣ አንድ ዘዴ አለ። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ነጠላ ብትሰቅሉ ጠርዙ አይታይም። የልብ ጠርዝ የሚታየው ጎኑ ጥቁር ሳንባ ስላለ ነው። ጎኑ ያለው ሳንባ ከነጣ ጠርዙ ይጠፋል። የቀኙ የልብ ጠርዝ ከጠፋ በሽታው የቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ላይ ነው። የግራው ጠርዝ ከጠፋ የግራ ላይኛው ክፍል ምላስ መሰሉ ጫፍ ላይ ነው። የዲያፍራም ጠርዝ ከጠፋ የታችኛው ክፍል ነው። ጠርዙ ሳይጠፋ ነጭ ነገር ልብ ላይ ተደርቦ ከታየ ከልብ ጀርባ ነው ያለው። ከኤክስሬይ ዘዴ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

በማየት ቅደም ተከተል አልጨቃጨቃችሁም። የራሳችሁን ያዙና አትቀይሩት። እኔ ከአየር ቧንቧው ነው የምጀምረው። መሃል ላይ መሆን አለበት፤ ታች፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር እንደ ቀስት የሚታጠፍበት ጋ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ቢል ችግር የለውም። ወደ ጎን ከሄደ ግን ጠይቁ፦ ተገፍቶ ነው ወይስ ተስቦ?

ይህ ጥያቄ ሰው ያድናል። ከሰቃ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ የግራ ደረታቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ተረኛው «ውሃ ቋጥሯል» ብሎ መርፌ አዘጋጀ። ያን ያህል ውሃ ቢኖር ኖሮ የአየር ቧንቧውንና ልቡን ወደ ቀኝ ይገፋ ነበር። እሳቸው ላይ ግን ሁሉም ነገር ወደ ግራ፣ ወደ ነጩ፣ ተስቧል። የጎድን አጥንቶቻቸውም በዚያ በኩል ተጠጋግተዋል። ይህ የተኮማተረ ሳንባ ነው። አልትራሳውንድ ሲታዩ የሚቀዳ ውሃ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታመው ነበር፤ ሳንባው ያኔ ተበልቷል። መርፌው ቢገባ ኖሮ ልብ አጠገብ ነበር የሚደርሰው። እንግዲህ ነጭና ገፊ ከሆነ ውሃ፣ ነጭና ሳቢ ከሆነ የተኮማተረ ሳንባ። ሁለቱም ባንድ ላይ ሲኖሩ ደግሞ ምንም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ መርፌ ከመወጋቱ በፊት አልትራሳውንድ ካለ ይታይ።

ውሃ በጥቂቱ ሲሆን ጥግ ይሞላል። የጎድን አጥንትና ዲያፍራም የሚገናኙበት ጥግ እንደ ቢላ ጫፍ ሹል መሆን አለበት። ቆሞ በተነሳ ፒኤ ላይ ጥጉ እስኪደፈን ድረስ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። ጥጉ ደህና ነው ማለት ውሃ የለም ማለት አይደለም። ተኝቶ ከተነሳ ደግሞ ውሃው ወደ ጀርባ ይተኛል፤ ያ ጎን በሙሉ በስሱ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ከዚያ የሳንባ ሥሮች፤ የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ የሚገቡባቸው ቦታዎች ናቸው። የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል። ቀኙ ከፍ ካለ አንድ ነገር እየሳበው ነው፤ ብዙ ጊዜ የድሮ ቲቢ ጠባሳ። ዲያፍራም ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቀኙ በ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል።

ሳንባውን ቀኝና ግራ እያነጻጸራችሁ ውረዱ። የቀኝ ላይ ከግራ ላይ፣ መሃል ከመሃል፣ ታች ከታች። አንዱን ሳንባ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ልዩነቱን አያየውም።

ምች የያዘው ሳንባ ነጭ ሆኖ በውስጡ ጥቁር ቅርንጫፍ ይታይበታል። አየር ያለባቸው ቧንቧዎች በነጩ መሃል ሲያልፉ ነው። ታካሚው ተሽሎት ጥላው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «አልጠፋም» ብላችሁ መልሳችሁ አትላኩልኝ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶም ካልጠፋ ግን ቲቢንም ዕጢንም አስቡ።

ቲቢ በአዋቂ ላይ የላይኛውን ክፍል ይወዳል። ጥላ፣ በጥላው ውስጥ ጉድጓድ፣ ወደ ላይ የተሳበ የሳንባ ሥር። ደም ውስጥ ገብቶ ሲበተን ደግሞ ሁለቱም ሳንባ ላይ እኩል ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ፈረንጆቹ ሚሌት በሚባል ዳጉሳ መሰል ዘር ነው የሰየሙት፤ እኛ ብንሰይመው ጤፍ እንለው ነበር። ይህን ፊልም ከፊት አርቃችሁ ብታዩት ያመልጣችኋል፤ ጠጋ በሉ። የኤችአይቪ ሕመምተኛ መከላከያው በጣም ሲወርድ ደግሞ ቲቢው ደንቡን አይከተልም። ታች ሊሆን ይችላል፣ ጉድጓድ ላይኖረው ይችላል፣ ፊልሙ ጭራሽ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ፊልም ቲቢን አያስቀርም። ጠባሳው የድሮ ይሁን የአሁን እኔም አላውቅም፣ ፊልሙም አያውቅም። አክታ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) ላኩ፤ የድሮ ፊልም ካለ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

በጣም የጠቆረ ሳንባም በሽታ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ጭስ ምድጃ ላይ የኖሩ እናቶች ይመጣሉ። ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ሳንባቸው ግን ተነፍቶ ዲያፍራሙ እንደ ምጣድ ጠፍጥፏል፣ ልባቸው ቀጥኖ መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጎን ብቻ ጠቁሮ ካያችሁ ደግሞ ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ነጭ መስመር ፈልጉ። ከመስመሯ ውጭ የደም ሥር ካልታየ አየር ከሳንባው ውጭ ወጥቷል። የቆዳ እጥፋትና የትከሻ አጥንት ጠርዝ ይህን ይመስላሉ፤ ከእነሱ ባሻገር ግን የደም ሥሮች ይቀጥላሉ። ሰውየው እያጣጣረ፣ የደም ግፊቱ እየወረደ፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሌላው ጎን ተገፍቶ ከሆነ ወደ እኔ አትላኩት። ፊልም አይጠበቅም። መጀመሪያ አየሩ ይውጣ።

ልብን በወረቀት ጠርዝ ለኩት። የልቡን ሰፊ ቦታ ከቀኝ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ የደረቱን የውስጥ ስፋት። ልብ ከደረቱ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ደረቱ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ልቡ 14። ይህ የሚሠራው በአዋቂ፣ በፒኤ፣ በሙሉ ትንፋሽ ላይ ብቻ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን እስከ 60 በመቶ ድረስ ይፈቀድለታል።

ግን ልኬቱ ብቻውን ያሞኛል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭ ላይ የሚቀመጠው ሩማቲክ የልብ በሽታ እዚህ ብርቅ አይደለም። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት የ20 ዓመት ወጣት ስትመጣ አስቡት። ሚትራል ቫልቭ (በግራ ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው) ጠቦ ብቻ ከሆነ ልቧ ከግማሽ ላይበልጥ ይችላል። «ደህና ነው» ተብላ ትሸኛለች። ጠርዙን እዩ። በግራ በኩል፣ ከላይኛው የደም ሥር ጉብታ ሥር ገባ ማለት የነበረበት ቦታ ተሞልቶ ቀጥ ብሏል። በቀኙ ጠርዝ ውስጥ ሌላ ሁለተኛ ጠርዝ ይታያል። የአየር ቧንቧው መንታ ቦታ እንደ ተከፈተ እግር ሰፍቷል። ሦስቱም የግራ ላይኛው የልብ ክፍል ማበጡን ይናገራሉ።

ልብ ሲደክም ሳንባው ይናገራል። በቆመ ሰው የታች ደም ሥሮች ከላዮቹ ይወፍራሉ። ልብ ሲደክም የላዮቹ እኩል ይሆናሉ፣ ወይም ይበልጣሉ። ቀጥሎ ከታች፣ ከዳር፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አጫጭር አግዳሚ መስመሮች ይመጣሉ፤ ከርሊ ቢ ይባላሉ። ሲብስ ከሥሮቹ ግራና ቀኝ የሌሊት ወፍ ክንፍ የመሰለ ነጭ ይዘረጋል። ጥጎቹም ውሃ ይይዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም፣ ቀኙ በዝቶ።

እኔን የሚያስፈራኝ ፊልም ሌላ ነው። ልቡ ቅል ሆኗል፦ ታቹ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ። ሳንባው ግን ጥቁርና ንጹሕ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል ማለት አይቻልም። ልብን የሚያቅፈው ከረጢት ውሃ ሞልቷል፤ እኛ አገር ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ቲቢ ነው። ይህን ካያችሁ የአንገት ደም ሥሩን ተመልከቱ፣ ግፊቱን ለኩ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወደሚሠራበት ዛሬውኑ ላኩት። ትንሽ ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ለዚህም ኢኮ ነው።

ጨርሻለሁ ስትሉ አራት ቦታ ተመለሱ፦ ከአንገት ሥር አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ጀርባ፣ የሳንባ ሥሮች ላይ፣ ከዲያፍራም በታች። ከዲያፍራም በታች በቀኝ በኩል ቀጭን የጥቁር ጨረቃ ካለች ጨጓራው ወይም አንጀቱ ሳይበሳ አልቀረም፤ ሰውየው የቀዶ ሕክምና ነው እንጂ የሳንባ ሕመምተኛ አይደለም። የጎድን አጥንቶችንም አንድ በአንድ ተከተሉ።

ጨረሩን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። አንድ የደረት ፊልም ከተፈጥሮ የምናገኘውን የጥቂት ቀናት ጨረር ያህል ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን አስቀድማችሁ ጻፉልኝ።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ ማዘዣው ላይ «ሳል» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። ስንት ሳምንት? ትኩሳት? ደም? በየትኛው ጎን? ቲቢ ታሞ ያውቃል? ይህን ካወቅሁ ከጎን የተነሳ ፊልም ልጨምርላችሁ እችላለሁ፤ ራዲዮሎጂስቱም ከጨለማ አያነብም።

ፊልሙን በቴሌግራም ለራዲዮሎጂስት ስትልኩ ደግሞ ፍላሹን አጥፉ። ፊልሙን ደመናማ ሰማይ ባለበት መስኮት ላይ፣ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ለጥፉት። ስሙን ሸፍኑ፣ የቀኝና ግራ ምልክቱን ግን አትሸፍኑ። ሁለቱም ጥጎች ይግቡ። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሰያፍ ካነሳችሁት ልቡ እንደገና ያብጣል። ሕመምተኛው ሲወጣ ፖስታውን በፌስታል ጠቅልሉለት፣ ቤት ሲደርስም ፍራሽ ሥር እንዳያጥፈው ንገሩት። የሚቀጥለው ዓመት ሲያስል ያ ፊልም ያስፈልገናል።